የባትሪ ግራፋይት ክስ፦ በዳምፒንግና በድጎማ ምርመራ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«በቻይና ግራፋይት ላይ 93.5 በመቶ ተጣለ» የሚል ዜና ሲወጣ ብዙ ሰው የታሪፍ ጦርነቱ ቀጠለ ብሎ ያልፈዋል። ፕሬዚዳንት ብድግ ብሎ የሚጥለው ታሪፍ ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ። ይሄኛው መዝገብ ያለው ክርክር ነው፤ ከሳሽ አለው፣ መልስ ሰጪ አለው፣ ቀነ ገደብ አለው፣ ዕዳው ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው አስመጪው ላይ ነው። ዕቃ ወደ አሜሪካ የምታስገቡ ወይም ባትሪ ነክ ሥራ ውስጥ ያላችሁ ሰዎች፣ ደጋግሞ ሰው የሚወድቅባቸውን ልንገራችሁ። ምሳሌዬ የአኖድ ግራፋይት ክስ ነው፤ ሊቲየም ባትሪ ሲሞላ ሊቲየሙ የሚገባበት ያ ጥቁር ዱቄት ማለት ነው። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት የከሳሽን ቁጥር እንደ ውሳኔ መቁጠር ነው። የአሜሪካ አምራቾች ዲሴምበር 2024 ላይ አቤቱታ ሲያስገቡ ዳምፒንጉ፣ ማለትም ከተገቢው ዋጋ በታች መሸጡ፣ እስከ 920 በመቶ ይደርሳል አሉ። ቁጥሩ በየሚዲያው ሲዞር ከረመ። የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር ጁላይ 2025 ላይ የመጀመሪያ ደረጃ ውሳኔውን ሲያወጣ ግን 93.5 በመቶ ሆነ። መርካቶ የገበየ ሰው የመጀመሪያ ጥሪ ምን እንደሆነ ስለሚያውቅ ይሄ አይገርመውም።

ሁለተኛው፣ ዳምፒንግ ማለት በርካሽ መሸጥ ነው ብሎ ማሰብ። ርካሽነት ብቻውን ጥፋት አይደለም። ወደ አሜሪካ የተሸጠበት ዋጋ «ተገቢ ዋጋ» ከሚባለው ጋር ነው የሚወዳደረው። ተገቢው 4 ዶላር ሆኖ በ2 ዶላር ከተሸጠ ልዩነቱ 2 ዶላር ነው፤ የሚካፈለው ለመሸጫው ዋጋ ስለሆነ 100 በመቶ ይወጣል። «እንዴት ከ100 በላይ ይሄዳል?» ለሚል ሰው መልሱ ይሄው ነው። ጉዱ ያለው ግን ተገቢው ዋጋ ከየት መጣ የሚለው ላይ ነው። አሜሪካ ቻይናን የገበያ ኢኮኖሚ አድርጋ አትቆጥርም። ስለዚህ የቻይናው ፋብሪካ «አገሬ ውስጥም በዚሁ ዋጋ ነው የምሸጠው፣ ደረሰኜ ይኸው» ቢል የሚሰማው የለም። ስንት ኪሎ ጥሬ ዕቃ፣ ስንት ሰዓት ጉልበት፣ ስንት ኪሎዋት ሰዓት መብራት እንደፈጀ ይቆጠርና፣ ያ ሁሉ በኢኮኖሚ ደረጃው ቻይናን በሚቀራረብ ሌላ አገር ዋጋ ይተመናል። ሰው ሠራሽ ግራፋይት የፔትሮሊየም ኮክ እስከ 3000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲጋል የሚገኝ ነገር ነው፤ መብራት ይበላል። የተመረጠው አገር የመብራት ሒሳብ ከፍ ካለ የፋብሪካው «ዋጋ» አብሮ ይወጣል። ጠበቆቹ የትኛው አገር ይመረጥ እያሉ ለወራት የሚጨቃጨቁት ወደው አይደለም።

ሚኒስቴሩ ለቻይና ኩባንያዎች መጠይቅ ሲልክ ዝም ማለትስ? ይሄኛው የለየለት ራስን ማጥፋት ነው። በድጎማው ምርመራ፣ ማለትም መንግሥት የሰጠው ርካሽ ብድር፣ ርካሽ መሬት፣ ርካሽ መብራት በሚታይበት በሌላኛው መዝገብ፣ ሜይ 2025 ላይ የወጣውን የመጀመሪያ ደረጃ ውሳኔ ተመልከቱ። ሁለት ኩባንያዎች ከ700 በመቶ በላይ ተጣለባቸው። ሌሎቹ ላይ 6.55 በመቶ ነበር። ሁለቱ ኩባንያዎች ከሌላው መቶ እጥፍ የተደጎሙ እንዳይመስላችሁ። መልስ ያልሰጠ ወገን ላይ ሚኒስቴሩ ባለው መረጃ ይወስናል፣ ያውም ከመረጃው የሚጎዳውን መርጦ።

«አሜሪካ እኮ የሚረባ የግራፋይት ፋብሪካ የላትም፣ ታዲያ ማን ተጎዳ ይባላል?» የሚሉም አሉ። ነገሩ ለጆሮ ልክ ይመስላል፤ ቴስላና ፓናሶኒክም የአገር ውስጡ ምርት በጥራትም በብዛትም አይደርስልንም ብለው ክሱን ተቃውመዋል። ጉዳቱን የሚመረምረው የዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን የሚባለው ነው፤ ስሙ አያሳስታችሁ፣ የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ሕጉ ደግሞ የቆመ ኢንዱስትሪ ሲጎዳ ብቻ ሳይሆን ገና ሊቋቋም የሚውተረተር ኢንዱስትሪ ሲታፈንም ይሠራል። ኮሚሽኑ ጃንዋሪ 2025 ላይ መዝገቡ እንዲቀጥል የፈቀደው በዚሁ በኩል ነው። ፋብሪካ አለመኖሩን መከራከሪያ ያደረገ ሰው ሳያውቀው የከሳሹን ሥራ ሠራለት ማለት ነው።

አሁን ወደ ኪስ እንምጣ። ብዙ አስመጪ የሚከስረው እዚህ ነው። ቀረጡን የሚከፍለው ቻይና አይደለችም፣ በጉምሩክ ሰነድ ላይ ስሙ ያለው አስመጪ ነው። በግርድፉ፣ በ2025ቱ የመጀመሪያ ደረጃ ተመኖች ብናሰላው፣ የ100,000 ዶላር ግራፋይት ብታስገቡ በ93.5 በመቶው 93,500፣ በ6.55 በመቶው 6,550 ዶላር ታስይዛላችሁ፤ ከዕቃው ዋጋ በላይ ሆነ፣ ሌሎቹ ታሪፎች ገና አልተነኩም። «ታስይዛላችሁ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የአሜሪካ አሠራር ወደኋላ የሚቆጥር ስለሆነ ይሄ ገንዘብ ማስያዣ እንጂ የመጨረሻ ሒሳብ አይደለም። የቀረጥ ትእዛዝ ከወጣ በየዓመቱ ክለሳ ሊጠየቅ ይችላል፤ ክለሳው ተመኑን ከፍ ካደረገው ዕቃው ተሽጦ ካለቀ፣ ትርፉም ከተበላ በኋላ ልዩነቱን ከነወለዱ አምጡ ትባላላችሁ። ዝቅ ካለም ይመለስላችኋል፣ እሱም ከነወለዱ። ለደንበኛችሁ ዋጋ ስትሰጡ ይሄን ያልተዘጋ ዕዳ ካላሰባችሁት ሒሳባችሁ ልክ አይመጣም።

ሻጩ በዋትሳፕ «አታስብ፣ ቀረጡን እኛ እንመልስልሃለን» ካላችሁስ? እንዳትቀበሉ። ላኪው የዳምፒንግ ቀረጡን ለአስመጪው ከተካለት ቀረጡ በእጥፍ ይታሰባል፤ ገንዘቡ እንዳልተመለሰላችሁም የማረጋገጫ ጽሑፍ ለጉምሩክ ትሰጣላችሁ። ያንን ፈርሞ በጎን መቀበል ከንግድ ክርክር ወጥቶ ማጭበርበር ነው።

የታሪፍ ኮድ፣ ማለትም የዕቃውን የጉምሩክ መለያ ቁጥር፣ ቀይሮ ማምለጥ የሚመስላቸውም አሉ። ኮዱ ለማመቻቸት የተቀመጠ ነው፤ የሚገዛው የምርመራው ወሰን፣ ማለትም የትኛውን ዕቃ እንደሚነካ፣ የተጻፈበት ዓረፍተ ነገር ነው። ወሰኑ ቢያንስ 90 በመቶ ካርቦን ያለውን የአኖድ ግራፋይት ይይዛል፤ ሰው ሠራሽም ሆነ የተፈጥሮ፣ ወይም የሁለቱ ድብልቅ። አቤቱታው ላይ ባትሪ ውስጥ ገብቶ የሚመጣውን ሁሉ ለመያዝ ነው የተጻፈው። ስለዚህ «እኔ ዱቄት አላስመጣም» ከማለታችሁ በፊት ወሰኑን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። በሦስተኛ አገር አዙሮ ማስገባትም አይታለፍም፤ በሶላር ፓነል ላይ ያ መንገድ ተሞክሮ በካምቦዲያ፣ በማሌዥያ፣ በታይላንድና በቬትናም በኩል የገባው ዕቃ 2023 ላይ ተይዟል።

በነገራችን ላይ ቻይና ብቻ ናት የምትከሰስ አይባልም። 2008 ላይ በደረቅ ባትሪ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ላይ አውስትራሊያም ከቻይና ጋር ቀረጥ ተጥሎባታል። ደግሞ ይሄ ቀረጥ ወደ አሜሪካ በሚገባ ዕቃ ላይ ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የምትገዙት የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና በዚህ መዝገብ ቀረጥ አይጨመርበትም።

የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል፣ ግን ብዙ ገንዘብ ይበላል፦ ከማን እንደገዛችሁ ብቻ ማወቅ። በቻይና መዝገቦች ተመኑ የሚሰጠው ለላኪና ለአምራች ጥንድ ነው። ከመንግሥት ቁጥጥር ነጻ መሆኑን ያላሳየ ላኪ አገር አቀፉን ተመን ይወስዳል፤ በግራፋይቱ የመጀመሪያ ውሳኔ ይሄ 102.72 በመቶ ነበር። ያው ፋብሪካ የሠራውን ያንኑ ዱቄት ተመን በተሰጣቸው ጥንዶች ዝርዝር ውስጥ በሌለ ደላላ በኩል ከገዛችሁት የደላላው ተመን ነው የሚያገኛችሁ። ቅድሚያ ክፍያ ሳትልኩ በፊት የአምራቹም የላኪውም ስም ኢንቮይሱ ላይ፣ በይፋዊ ዝርዝሩ ላይ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል፣ መኖሩን አረጋግጡ።