ጋብቻ፣ ልጅ፣ ፍቺና ውርስ የገቢ ግብርዎን የሚነኩት የት ላይ ነው?

የኢትዮጵያ የገቢ ግብር ሕግ የሚያየው ግለሰቡንና የገቢውን ምንጭ እንጂ ቤተሰቡን አይደለም። ስለዚህ በኑሮዎ ላይ ለውጥ ሲመጣ አስቀድመው መጠየቅ ያለብዎት ቤተሰቡ ስንት እንደሆነ ሳይሆን፣ ገቢው ወይም ንብረቱ ከእንግዲህ የማን እንደሆነ ነው።

ከጋብቻ በኋላ በብዛት የሚነሳው ጥያቄ የባልና የሚስት ደመወዝ ይደመራል ወይ የሚል ነው። አይደመርም። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት እያንዳንዱ ተቀጣሪ በራሱ ገቢ ላይ ለብቻው ግብር ይከፍላል፤ ቀጣሪውም ግብሩን ከደመወዙ ላይ ቀንሶ ያስገባል። በማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት እስከ 2,000 ብር የሚደርስ ወርሃዊ ደመወዝ ግብር አይከፈልበትም፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ክፍል ደግሞ 35 በመቶ ይከፈልበታል። ባል 12,000 ብር፣ ሚስት 6,000 ብር ቢያገኙ፣ ሕጉ ለየገቢ እርከኑ ባስቀመጠው መጣኔና ተቀናሽ ሲሰላ የእሱ ግብር 12,000 በ30 በመቶ ተባዝቶ 1,350 ሲነሳለት 2,250 ብር፣ የእሷ ደግሞ 6,000 በ20 በመቶ ተባዝቶ 500 ሲነሳለት 700 ብር፣ በድምሩ 2,950 ብር ይሆናል። ያንኑ 18,000 ብር አንደኛው ብቻ የሚያገኝበት ቤት ግን 4,250 ብር ይከፍላል። ሁለቱ ቤተሰቦች እኩል ገቢ እያላቸው በየወሩ የ1,300 ብር ልዩነት መኖሩ፣ በተለይ አንደኛው ወገን ልጅ ለማሳደግ ሥራ ላቆመበት ቤት፣ ፍትሐዊ ነው ለማለት ይከብዳል። ሆኖም ይህን የወሰነው ሕጉ ስለሆነ የመሥሪያ ቤትዎን የደመወዝ ክፍል በመጠየቅ የሚስተካከል አይደለም።

በጋራ የተያዘ ቤት ቢከራይ የኪራይ ገቢው እንደየባለቤቶቹ ድርሻ ተከፋፍሎ በየስማቸው ይታያል፤ ስለዚህ የባለቤትነቱ ማስረጃ ድርሻን በግልጽ እንዲያሳይ ማድረግ በኋላ ከሚነሳ ክርክር ያድናል። ከጋብቻ ጋር አድራሻዎ ከተለወጠ፣ የተመዘገቡ ግብር ከፋይ እንደመሆንዎ ለውጡን በ30 ቀናት ውስጥ ለግብር ባለሥልጣኑ ማሳወቅ ይጠበቅብዎታል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎ ግን ያው ነው፤ ለትዳር ጓደኛ ማዋስም ሆነ አዲስ ማውጣት አይቻልም።

ልጅ መውለድ በደመወዝ ግብር ላይ ቅናሽ አያስገኝም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከክፍያ ጋር ፈቃድ ይሰጣል፤ በዚህ ጊዜ የሚከፈለውም ደመወዝ ስለሆነ ግብሩ እንደወትሮው ይቀነሳል። ለሕፃኑ ሞግዚት ወይም የቤት ሠራተኛ ከቀጠሩ ግን ለእሷ የሚከፍሉት ደመወዝ ከገቢ ግብር ነፃ ነው።

ፍቺ ላይ ሁለት ነገሮች በተደጋጋሚ ይምታታሉ። የመጀመሪያው ቀለብ ነው። የቀለብ ወይም የልጅ ማሳደጊያ ገንዘብ ለተቀባዩ ከግብር ነፃ ቢሆንም የከፋዩን ግብር አይቀንስም። የ15,000 ብር ደመወዝተኛ በፍርድ ቤት ትእዛዝ በየወሩ 3,000 ብር ቢቆረጥበት፣ ግብሩ የሚሰላው በ12,000 ሳይሆን በሙሉው 15,000 ብር ላይ ነው፤ ይኸውም 3,200 ብር ነው። የደመወዝ ወረቀትዎን ሲያዩ ግብሩ ከቀለቡ በፊት መሰላቱን ስህተት አድርገው አይውሰዱት። ሁለተኛው የንብረት ክፍፍል ነው። በፍቺ ስምምነት ቤት ወይም አክሲዮን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር በዚያው ቅጽበት የዋጋ ጭማሪ ጥቅም ግብር (ንብረት ከተገኘበት ወጪ በላይ ሲሸጥ በትርፉ ላይ የሚከፈለው) አይጠየቅም። ግብሩ ግን ተላለፈ እንጂ አልተሰረዘም፤ ንብረቱን የተረከበው ወገን ወደፊት ሲሸጥ ጥቅሙ የሚሰላው ንብረቱ መጀመሪያ ከተገኘበት ወጪ ተነስቶ ስለሆነ፣ የግዢ ውሉንና የግንባታ ደረሰኞቹን ከቀድሞ የትዳር ጓደኛው ተቀብሎ ማስቀመጥ አለበት። ከፍርድ ውሳኔው ጋር አብረው መረከቡ የተሻለ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ደረሰኝ ፍለጋ ወደዚያ በር መመለስ ለማንም አይመችም።

ከትዳር ውጭ ያለ ሌላው የኑሮ ለውጥ ከሥራ መለየት ነው፤ ሥራ የለቀቀ ወይም የተሰናበተ ሰው የሚያገኘው የስንብት ክፍያ፣ በስምምነትም ይምጣ በፍርድ፣ ከመቀጠር እንደተገኘ ገቢ ተቆጥሮ ግብር ይከፈልበታል።

በሞት ጊዜ ለወራሽ የሚተላለፈው ንብረትና ለሞት የሚከፈል የጉዳት ካሳ እንደ ገቢ ተቆጥረው ግብር አይጣልባቸውም። ወራሾች የሚሳሳቱት ከዚያ በኋላ ባለው ነው። የተወረሰው ቤት ተከራይቶ ከሆነ ኪራዩ ከሟቹ ሞት ጀምሮ የወራሾቹ ገቢ ነው፤ በሟቹ መለያ ቁጥር ማስታወቅ መቀጠል አይገባም። ሟቹ ነጋዴ ወይም አከራይ ከነበረ ያልተከፈለ የግብር ዕዳ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ንብረቱ ከመከፋፈሉ በፊት ውርስ አጣሪው ወይም ወራሾቹ የሞት ማስረጃውንና የወራሽነት ማረጋገጫውን ይዘው ሟቹ ወደተመዘገበበት የግብር ቅርንጫፍ ቀርበው ዕዳውን አጣርተው ከውርሱ ሀብት መክፈል፣ ምዝገባውንም ማሰረዝ አለባቸው። የቤቱን ስም ማዛወር የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ስም የሚያዛውረው መሥሪያ ቤት የግብር ማስረጃ ሲጠይቅ በመሃል ከመቆም ያድናልና።