በኪቦርድ የጃፓን ሲቲ ፖፕ እንዴት እንደሚጫወት

የማሪያ ታኬውቺን «ፕላስቲክ ላቭ» (1984) ዩቲዩብ ላይ ሰምታችሁ ከሆነ ሲቲ ፖፕን ታውቁታላችሁ። የአሜሪካ ፈንክ፣ ሶል፣ ጃዝና ዲስኮ ከጃፓን ዜማ ጋር የተዋሃዱበት ሙዚቃ ነው። ውህደቱ የቱ ጋ እንደሆነ በጣታችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ። ነጮቹ ቁልፎች ብቻ ይበቃሉ።

ድምፁን ኤሌክትሪክ ፒያኖ ላይ አድርጉት። በ1983 የወጣው ያማሃ ዲኤክስ 7 የዘመኑን ድምፅ የቀየረ ኪቦርድ ነው፤ ለመለማመድ ግን ቤት ያለው ይበቃል፣ ገንዘብ አታባክኑ። ስታይሉን (ኪቦርዱ ራሱ የሚያጅብበትን) ግን አጥፉት! በአንድ ጣት የሚያወጣላችሁ ባለ ሶስት ድምፅ ተራ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ነው፤ የዚህ ሙዚቃ ጣዕም ያለው አራተኛው ድምፅ ላይ ነው።

አሁን ዋናው። ጃፓኖች ኦዶ ሺንኮ የሚሉት፣ በፖፕ ዘፈኖቻቸው ደጋግሞ የሚመጣ የአራት ኮርድ ቅብብል አለ። ግራ እጅ ቤዙን ብቻ ይያዝ፣ ቀኙ ሶስት ድምፅ፦

ግራ ፋ፣ ቀኝ ላ-ዶ-ሚ
ግራ ሶል፣ ቀኝ ሲ-ሬ-ፋ
ግራ ሚ፣ ቀኝ ሲ-ሬ-ሶል
ግራ ላ፣ ቀኝ ዶ-ሚ-ሶል

የመጀመሪያውን በቀኝ እጅ ብቻ ምቱት። ተራ ላ ማይነር ነው። ከስር ፋ ሲገባ ፋ ሜጀር ሰቨን ይሆናል፣ ሀዘኑ ሳይጠፋ ብርሃን ይገባበታል። ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ነው፦ ኮርዱ እንዲሞላ ብሎ ፋን በቀኝ እጁም ይደግመዋል። ፋና ሚ ጎን ለጎን ሲሆኑ ድምፁ ይደፈርሳል፣ ተዉት። እጃችሁንም ከቦታ ቦታ አታዝልሉ። ከሁለተኛው ወደ ሶስተኛው የምትቀይረው ፋን ወደ ሶል የምታሻግር አንድ ጣት ብቻ ናት፤ ከሶስተኛው ወደ አራተኛው ደግሞ ሶል ባለችበት ትቆያለች። ይሄ ቅርበት እስኪለመድ ቀስ በሉ፣ ፍጥነቱ ራሱ ይመጣል።

ከዚያ በደቂቃ ከ100 እስከ 110 ምት። ሁለተኛውና አራተኛው ኮርድ ከምቱ ትንሽ ቀድመው ይግቡ፣ ቶሎም ይለቀቁ። ለዚህ የታትሱሮ ያማሺታን «ስፓርክል» (1982) መግቢያ ጊታር ስሙ፤ የምት ትምህርት ቤት ነው።

ዜማውን አንጎራጉሩት፣ በዶ-ሬ-ሚ-ሶል-ላ። አዎ፣ የኛው ትዝታ ሜጀር! ጃፓኖች ዮናኑኪ ይሉታል፣ ከድሮ ጀምሮ በብዙ ዘፈኖቻቸው ውስጥ አለ። እዚህ ዜማ ውስጥ የሌሉት ፋና ሲ ናቸው፤ ኮርዶቹ ስር ግን ሁለቱም አሉ። ውህደቱ እዚያ ነው። ሶልን ብቻ በአፋችሁ ይዛችሁ አራቱን ኮርድ አዙሩ፣ አንዱ ድምፅ አራት ጊዜ ቀለሙን ሲቀይር ትሰማላችሁ። ቀጥሎ ሬን ሞክሩ። እኔ ሬ ይበልጥብኛል፣ በተለይ ሚ ቤዝ ላይ ሲደርስ።