ሲኤንሲ ማሽን መንገዱን ሲስት ወይም አልቆም ሲል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

3018ን ወይም መሰሎቹን ትንንሽ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚቀርጹ) ማሽኖች ቤቱ የሚያሠራ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ማሽኑ ሥራ መሀል ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ወይም ቁም ሲሉት አልሰማ ሲል ማየቱ አይቀርም። እዚህ የማነሣቸው ስህተቶች በግርብል (ቦርዱ ላይ ተጭኖ ሞተሮቹን በሚያዝዘው ፕሮግራም) የሚሠሩትን፣ ማለትም አርዱኢኖ ኡኖን ከሲኤንሲ ሺልድ (ላዩ ላይ ከሚሰካው የሞተር ቦርድ) ጋር ወይም ከማሽኑ ጋር የመጣውን ቦርድ የሚጠቀሙትን ይመለከታሉ። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ይያዙልኝ፦ ግርብል ማሽኑ የት እንዳለ አያይም። የሚያውቀው ወደ ሞተሩ ስንት ፐልስ (አንድ እርምጃ የሚያስኬድ ምልክት) እንደላከ ብቻ ነው። ዐይኑን ጨፍኖ እርምጃውን እየቆጠረ እንደሚሄድ ሰው ነው፤ መንገድ ላይ ቢገፈተር ቆጠራው አይዛባም፣ ያለበት ቦታ ግን ሌላ ሆኗል።

ኤረርን ከአላርም መቀላቀል

በብዛት የሚታየው ይህ ነው። ስክሪኑ በኤረር 9 ይሞላል፤ ሰውየው ደግሞ ጥፋቱን ጂ-ኮዱ (የእንቅስቃሴ ትእዛዞቹ ፋይል) ውስጥ ይፈልጋል፣ ዲዛይኑን እንደገና ያወጣል፣ ሌላ ሶፍትዌር ይጭናል። ኤረር 9 የሚለው ግን «አላርም ላይ ነኝ፣ ትእዛዝ አልቀበልም» ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ላይ መለስ ብለው የመጀመሪያውን መልእክት ያንብቡ። አላርም 1 ሊሚት ስዊች (የመንገዱ ጫፍ ላይ ያለው ማብሪያ) ተነክቷል ማለት ነው። አላርም 2 ከሆነ የታዘዘው ቦታ በ$130፣ $131 ወይም $132 (በ$ የሚጀምሩት የግርብል ቅንብሮች ናቸው) ከተመዘገበው የማሽኑ ስፋት ውጭ ነው፤ ማሽኑ ምንም አልሆነም፣ ብዙ ጊዜ ዜሮው የተያዘው የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው። አላርም 3 እየተንቀሳቀሰ ሳለ ሪሴት ተደርጓል ይላል። 8 እና 9 የሆሚንግ (ማሽኑ ስዊቹን ፈልጎ መነሻ ቦታውን የሚያገኝበት ሥራ) ናቸው፦ በ8 ከስዊቹ መላቀቅ አቅቶታል፣ በ9 ስዊቹን ፈልጎ አጥቶታል።

$ኤክስን እንደ ማስታገሻ መውሰድ

አላርም ሲመጣ $ኤክስ ($X) ብሎ ቆልፉን መክፈትና ሥራውን ካቆመበት መቀጠል ቀላል ይመስላል። ይህ ትእዛዝ ግን ቆልፉን ከመክፈት ያለፈ ነገር አያደርግም፤ የጠፋውን ቦታ አይመልስም። አላርም 1 ሲመጣ ሞተሮቹ ፍጥነታቸውን ቀስ በቀስ ሳይቀንሱ በድንገት ስለሚቆሙ ጥቂት እርምጃ ሊያልፋቸው ይችላል። $ኤክስ የሚያስፈልገው ማሽኑን ከስዊቹ ላይ ቀስ ብሎ ለማላቀቅ ነው። ከዚያ $ኤች ($H) ብለው ሆሚንግ ያድርጉ። ሆሚንግ የሌለው ማሽን ከሆነ ዜሮውን ከዕቃው ላይ እንደ አዲስ ይያዙ።

ምንም ሳይነካው አላርም 1 ሲል ስዊቹን መቀየር

ስዊቹ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። የአርዱኢኖው የውስጥ ፑል-አፕ (ፒኑን ወደ 5 ቮልት የሚስበው) ሬዚስተር ከ20 እስከ 50 ኪሎ ኦም የሚደርስ ደካማ ነገር ስለሆነ፣ ረጅሙ የስዊች ሽቦ ከስፒንድሉ (ቢቱን ከሚያዞረው ሞተር) ብሩሽ የሚወጣውን ኖይዝ (የኤሌክትሪክ ረብሻ) እንደ አንቴና ይሰበስባል። ለማጣራት ያንኑ ፕሮግራም ቢቱን አውልቀው፣ ስፒንድሉንም አጥፍተው በአየር ላይ ያስኪዱት። እስከ መጨረሻው በሰላም ከሄደ፣ ስፒንድሉ ሲበራ ግን አላርም ካመጣ፣ ኖይዝ ነው። ስዊቹን በእጅ ተጭነው ? ሲልኩ በሚመጣው መልስ ውስጥ ፒኤን (Pn) ከሚለው ቀጥሎ የተጫኑት አክሲስ ፊደል መውጣቱንም ይዩ። ሳይጫኑት ፊደሉ ብልጭ ጥፍት የሚል ከሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

መፍትሔው ስዊቹን በኖርማሊ ክሎዝድ (ሳይነካ የተዘጋ፣ ሲነካ የሚከፈት) አስሮ $5=1 ማድረግ፣ ሽቦውን ከስፒንድልና ከሞተር ሽቦ ማራቅ፣ ሺልድ (የብረት መረብ ሽፋን) ያለው ኬብል ከሆነ ሽፋኑን በአንድ ጫፍ ብቻ መሬት ማሰር፣ ካልበቃም በሲግናሉና በመሬቱ መካከል 0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር መጨመር ነው። ኖርማሊ ክሎዝድ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሽቦው ሲበጠስ ማሽኑ ወዲያው ይነግርዎታል። $21=0 ብሎ ሃርድ ሊሚትን ማጥፋት ጩኸቱን ያስቆማል፤ ማሽኑን ግን ከጠርዝ ጋር ከመላተም አያድነውም።

የዜድ ስዊች ብቻ ጨርሶ አልሠራ ካለ የሲኤንሲ ሺልዱን ቦርድ ይጠርጥሩ። ከግርብል 0.9 ጀምሮ የዜድ ሊሚት ወደ ፒን 12፣ ስፒንድሉ ወደ ፒን 11 ተዛውረዋል። በቀድሞው አደራደር የታተመ ሺልድ ላይ ዜድ የተባለው ቦታ አሁን የስፒንድል ነው።

ለመጠን ስህተት ሁሉ $100ን መነካካት

100 ሚሜ ያዘዙት 97 ሲሆን $100ን (ኤክስ አንድ ሚሜ ለመሄድ የሚያስፈልገውን የእርምጃ ብዛት) በስሌት አስተካክሎ ማለፍ ያጓጓል። ሆኖም መጀመሪያ የስህተቱን ጠባይ ይለዩ። ስፒንድሉ ላይ እርሳስ አስረው፣ አልጋው ላይ ወረቀት ለጥፈው፣ ኤክስን ከ0 ወደ 100 ደጋግመው ያመላልሱት። አንድ ጊዜ በደቂቃ 200 ሚሜ፣ ሌላ ጊዜ በ1000። በሁለቱም ፍጥነት ስህተቱ በርዝመቱ ልክ እኩል ከሆነ የ$100 ጉዳይ ነው። አቅጣጫ ሲቀይር ብቻ የሚታይና የማያድግ ከሆነ የዳዶው ልቅነት ነው። በፍጥነት ሲሄድ ብቻ ከመጣ ሞተሩ እርምጃ እየሳተ ነውና $110 (ከፍተኛ ፍጥነት) እና $120ን (ፍጥነት የመጨመር መጠን) ይቀንሱ። በእያንዳንዱ ዙር እየጨመረ ከሄደ፣ ያውም በዝግታ፣ ካፕሊንጉ (ሞተሩን ከስክሩው የሚያገናኘው) እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላል። በሞተሩ ዘንግ፣ በካፕሊንጉና በስክሩው ላይ በማርከር አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ፤ ከሥራው በኋላ መስመሩ ከተሰበረ ቪቴዎቹን ያጥብቁ። አንዳንዱ ይህንን ሳያይ ድራይቨር (ለሞተሩ ከረንት የሚሰጠውን ክፍል) ገዝቶ ይመጣል።

ትክክለኛው ቁጥር ከስሌት ይወጣል። 200 እርምጃ ያለው ሞተር በ16 ማይክሮስቴፕ፣ በአንድ ዙር 8 ሚሜ የሚሄድ ስክሩው ካለው 400 ነው፤ 4 ሚሜ ከሆነ 800። አዲስ ፈርምዌር ከጫኑ በኋላ 100 ሚሜ ያዘዙት ወደ 31 ሚሜ ግድም ብቻ ከሄደ አይደንግጡ፦ የግርብል ነባሪ ቁጥር 250 ስለሆነ የእርስዎ 800 ተሰርዟል ማለት ነው።

ሞተሩ ሲንጫጫ ቪሬፍ መጨመር

ሳይዞር የሚንቀጠቀጥና የሚያጉረመርም ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ጉልበት አላነሰውም፤ ከአራቱ ሽቦዎች አንዱ ተቋርጧል ወይም ጥንዶቹ ተምታተዋል። ኃይል አጥፍተው ሞተሩን ከቦርዱ ይንቀሉ፤ ሁለት ሽቦ አነካክተው ዘንጉን በጣት ያዙሩ። ከበደ ካለ ጥንድ ናቸው። ቪሬፍን (ድራይቨሩ ለሞተሩ የሚሰጠውን ከረንት የሚወስነውን ቮልቴጅ) ግድ መንካት ካለብዎ የድራይቨሩን ዓይነት ይወቁ፦ 0.1 ኦም ሬዚስተር ባለው ኤ4988 ላይ 0.8 ቮልት 1 አምፔር ሲሆን፣ ያው 0.8 ቮልት በዲአርቪ8825 ላይ 1.6 አምፔር ነው። ኃይል እያለ የሞተር ሶኬት መንቀል ደግሞ ድራይቨርን ለመግደል ፈጣኑ መንገድ ነው።

ኢ-ስቶፕን ከሪሴት ፒን ጋር ብቻ ማሰር

ቀዩን የኢ-ስቶፕ (የድንገተኛ ማቆሚያ) ቁልፍ ገዝቶ ሁለት ሽቦ ወደ ኤ0 (የግርብል ሪሴት ፒን) መውሰድ የተለመደ ነው። ይህ ለፕሮግራሙ የሚላክ ጥያቄ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ቦርዱ ከደረቀ፣ ወይም የስፒንድሉ ሞስፌት (የሚያበራውና የሚያጠፋው ትራንዚስተር) ተቃጥሎ እንደበራ ከቀረ፣ ጥያቄውን የሚሰማ የለም። ከዚህም በላይ ኤ0 የሚሠራው ወደ መሬት ሲነካ ነው፤ ሽቦው ቢበጠስ ቁልፉ እንደሞተ የሚያውቁት የተጫኑት ዕለት ነው። የስክሪኑ ስቶፕ ከዚህም ያንሳል። የዩኤስቢ ገመዱ ሥራ መሀል ቢነቀል፣ ከዩኤስቢ ሌላ ኃይል ያለው ቦርድ ቀድሞ የተቀበላቸውን እንቅስቃሴዎች እስኪጨርስ መሄዱን አያቋርጥም። ሆልድ (የማቆያ ትእዛዙ) ደግሞ እንቅስቃሴውን ያቆማል እንጂ ስፒንድሉ መዞሩን ይቀጥላል።

የሚበጀው የቁልፉ ኖርማሊ ክሎዝድ ኮንታክት የኮንታክተሩን (ትልቅ ኃይል የሚቆርጥ ሪሌይ) ኮይል እንዲቆርጥ፣ ኮንታክተሩም ለሞተሮቹና ለስፒንድሉ የሚሄደውን ኃይል እንዲቆርጥ አድርጎ ማሰር ነው። በቁልፉ ላይ የተጻፈው 10 አምፔር አያታልልዎ፤ አብዛኛውን ጊዜ ኮንታክቱ ሳይሞቅ የሚሸከመው እንጂ ሞተር ሲቆርጥ የሚችለው አይደለም፤ በዲሲ ላይማ በጣም ያንሳል። 220 ቮልት ራውተር የሚጠቀሙ ከሆነ ይህን ክፍል የኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስረው።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑን መርሳት

አዲስ አበባ ለሚሠራ ሰው ይህ ከሁሉም ይብሳል፤ መመሪያዎቹ ግን እምብዛም አያነሡትም። መብራት ሲሄድ 24 ቮልቱ ይሞታል፤ ሞተርና ስፒንድል ይቆማሉ። ላፕቶፑ ግን በባትሪው ቀጥሏል፤ ቦርዱንም በዩኤስቢ 5 ቮልት ይመግበዋል። ማሽኑ ፀጥ ብሎ ስክሪኑ ላይ የኤክስና የዋይ ቁጥር ይሮጣል። በደቂቃ 600 ሚሜ ሲሄድ ከነበረ፣ 10 ሰከንድ በቆየ መቋረጥ ብቻ 100 ሚሜ በወሬ ተጉዟል። መብራቱ ሲመጣ ስፒንድሉ ይነሣል፣ ሞተሮቹም ከተሳሳተው ቦታ ቀጥለው ቢቱን ዕቃው ውስጥ ይነዱታል። ኢ-ስቶፑ ኃይል ብቻ ሲቆርጥም የሚሆነው ይኸው ነው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ኮይሉ በማሽኑ 24 ቮልት የሚያዝ አንድ ሪሌይ ያስገቡ፤ ኖርማሊ ክሎዝድ ኮንታክቱን በኤ0ና በመሬት መካከል ይሰሩት። ኃይሉ በየትኛውም ምክንያት ሲሄድ ሪሌዩ ይለቃል፣ ኤ0 መሬት ይነካል፣ ግርብል ሪሴት ይሆናል፤ ቆጠራውም ስፒንድሉም ያቆማሉ። ኮንታክተሩ በስታርት ቁልፍ ተነሥቶ ራሱን የሚይዝ ከሆነ ደግሞ መብራት ሲመለስ በራሱ አይነሣም።

ሥራውን በኋላ ለመቀጠል ዜሮዎን በጂ54 ይያዙ፣ በጂ92 አይደለም፤ ሁለቱም የዕቃውን ዜሮ የሚወስኑ ጂ-ኮዶች ናቸው። ጂ54 በቦርዱ ሜሞሪ ተጽፎ ይቆያል፣ ጂ92 በሪሴት ይጠፋል። ሆሚንግ ያለው ማሽን $ኤች ብሎ ሲመለስ ጂ54 የዕቃውን ዜሮ ከነቦታው ያገኝልዎታል።

ቁልፉን ሳይሞክሩ ሥራ መጀመር

ቢት ሳይኖር፣ አክሲሱ አየር ላይ ረጅም መንገድ እየሄደ፣ ስፒንድሉም እየዞረ ይጫኑት። ሁለቱም መቆም አለባቸው፤ ስፒንድሉ በራሱ ክብደት ጥቂት ቢዞር ምንም አይደለም። ስክሪኑ አላርም 3 ማለት አለበት፤ ቁጥሩ እየሮጠ ከሆነ ኤ0 አልደረሰውም። ቀጥሎ ቁልፉን ጠምዝዘው ይልቀቁት። ምንም ነገር መነሣት የለበትም። ከተነሣ የኮንታክተሩ መያዣ ኮንታክት ከስታርት ቁልፉ ጋር እንዴት እንደታሰረ ከመጀመሪያው ይዩ።