የከዋክብት ክምችትን ዕድሜ ለመገመት ደማቁን ተዉት፣ ደብዛዛውን ያዙ

ኮከብ ልደቱን አያከብርም። ብቻውን የቆመ ኮከብ አይቶ ዕድሜውን መናገር ከባድ ነው። በክምችት ውስጥ ያሉት ግን ከአንድ የጋዝ ደመና፣ በአንድ ሰሞን የተወለዱ እኩዮች ስለሆኑ የአንዱን ካወቃችሁ የሁሉንም አወቃችሁ ማለት ነው።

የሚያዘው ለመሞት የተቃረበው ነው። ግዙፍ ኮከብ ነዳጁን እንደ ጉድ ያቃጥላል። ፀሐይ 10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ስትኖር፣ 15 እጥፍ የሚከብዳት ኮከብ ግን ከ12 እስከ 15 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ያበቃለታል። ከዚያ በፊት ያብጥና ላዩ ቀዝቅዞ ይቀላል። ቀይ ልዕለ ግዙፍ የሚባለው ይህ ነው፤ ቤቴልጁስን ያየ ሰው አንዱን አይቷል።

አሁን ወደ ሥራው። በጎረቤታችን ትንሽ ጋላክሲ፣ በትልቁ የማጄላን ደመና፣ ውስጥ ያለው ኤንጂሲ 2100 የተባለ ክምችት ጥሩ መለማመጃ ነው። ወደ 20 የሚጠጉ ቀይ ልዕለ ግዙፎች አሉት፣ ርቀቱም (160 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ) በደንብ ተለክቷል። ርቀት ላይ አትቀልዱ፤ እዚያ 10 በመቶ ከሳታችሁ ብርሃኑን 20 በመቶ ያህል ትስታላችሁ። ቀዮቹን በኢንፍራሬድ ምስል ለዩ። ከፊት የቆሙ የራሳችን ጋላክሲ ቀይ ኮከቦች እንዳያሳስቷችሁ፣ ከክምችቱ ጋር አብረው የሚጓዙ መሆናቸውን የከዋክብትን እንቅስቃሴ በለካው በጋያ የጠፈር ቴሌስኮፕ መረጃ አጣሩ። ከዚያ የእያንዳንዱን ብርሃን በዓይን ከሚታየው እስከ ኢንፍራሬድ ደምሩ። የሚታየው ብቻ አይበቃም፤ አብዛኛው የሚወጣው በኢንፍራሬድ ነው፣ ከሚታየውም ላይ አቧራ ይበላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ደማቁን ያነሳል። ግዙፍ ኮከቦች አብዛኞቹ ጥንድ ሆነው ነው የሚኖሩት። አንዱ የሌላውን ጋዝ ይስባል፣ አንዳንዴም ሁለቱ ይዋሃዳሉ። የተዋሃደው ከእኩዮቹ ከብዶና ደምቆ ልጅ ይመስላል፣ ክምችቱንም ከዕድሜው በታች ያስገምታል። ስለዚህ ደብዛዛውን ቀይ ልዕለ ግዙፍ ውሰዱ፤ ማንም ሳይነካው ያረጀው እሱ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ብርሃኑን ከነጠላ ኮከብ ሞዴሎች ጋር አስተያዩ። የፀሐይን 100 ሺህ እጥፍ ገደማ ከሆነ ከ10 እስከ 15 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ናችሁ።

ሌላው የዕድሜ ምልክት ቮልፍ ራዬ የሚባለው፣ የሃይድሮጅን ልብሱን ያጣ፣ በተለምዶ በጣም ግዙፍና ዕድሜው አጭር የሚባል ኮከብ ነው፣ እኔ ግን ብዙም አላምነውም። ቬስተርሉንድ 1 በተባለው ክምችት ውስጥ 24 ስላሉ ክምችቱ 5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው ሲባል ቆየ። በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት 4ቱ ቀይ ልዕለ ግዙፎች ሲለኩ ወደ 10 ሚሊዮን መጣ። ክርክሩ አልተዘጋም፤ የኔ ጥርጣሬ ጥንዶቹ ላይ ነው። የሃይድሮጅን ልብሱን በጓደኛው የተገፈፈ ኮከብ፣ ጊዜው ካለፈ በኋላም ቮልፍ ራዬ ሊሆን ይችላል።