አይጥ የዋለበትን ክፍል ከማጽዳትዎ በፊት፦ ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ?

መጥረጊያ ከማንሳትዎ በፊት ወለሉን ይመልከቱ። አይጥ የሚያመጣው በሽታ ሰው ላይ የሚደርስበት መንገድ እንደ ቦታው ድርቀትና እርጥበት ይለያያል፤ ጥንቃቄውም እንዲሁ።

ተዘግቶ የከረመ ደረቅ መጋዘን ወይም ጎተራ ከሆነ የሚያሰጋው አቧራው ነው። ሀንታ ቫይረስ ከአይጥ ሽንት፣ ኩስና ምራቅ ጋር ይወጣል፤ ሲደርቅ ከአቧራ ጋር ቦንኖ በትንፋሽ ይገባል። ፀሐይ በሰዓታት ታጠፋዋለች፤ በጥላ ስር ግን ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በርና መስኮት ከፍተው ለ30 ደቂቃ ይውጡ። ሲመለሱ የጎማ ጓንት ያጥልቁና 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ ይበጥብጡ። ያደረ ብጥብጥ ኃይሉ ስለሚደክም የዕለቱን ለዕለቱ ያዘጋጁ፤ ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋርም አይቀላቅሉት፣ መርዛማ ጋዝ ሊወጣ ይችላል። ኩሱንና ጎጆውን በዝግታ፣ አቧራ ሳያስነሱ ያርሱና 5 ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ በወረቀት አንስተው በድርብ ላስቲክ ይቋጥሩ። በደረቁ መጥረግ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው፤ የአቧራ መምጠጫ ማሽንም ያው ነው።

ጎርፍ የገባበት ወይም ረግረግ ቦታ ሲሆን ደግሞ ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለ የባክቴሪያ በሽታ ይመጣል። ባክቴሪያው በአይጥ ሽንት ወጥቶ በእርጥብ አፈርና በውሃ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይኖራል፤ በቁስል፣ በዓይን፣ በአፍና በአፍንጫ ይገባል። ቦቲ ጫማ ያድርጉ፣ ጭረት ቢኖርብዎ ውሃ በማያስገባ ፕላስተር ይሸፍኑ።

ዝናቡ ጥሩ በሆነበት ዓመት ዘርና ሣር ስለሚበዛ አይጥም ይበዛል። በ1993 እ.ኤ.አ. በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ የሀንታ ወረርሽኝ የተነሳው ኤል ኒኞ ያመጣውን ዝናብ ተከትሎ አይጡ ከተራባ በኋላ ነበር። ሜዳው ሲራቆት ወይም ሲበርድ አይጡ ወደ ቤት ይገባል። ስለዚህ ቀዳዳውን ቀድመው ይድፈኑ፤ ለትንሽ አይጥ 6 ሚሊ ሜትር ይበቃታል። እንጨትና ፎም ስለምትቦረቡር የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቀው በሲሚንቶ ይለስኑ።

በአይጥ ቁንጫ የሚተላለፈው ፕላግ የተባለ በሽታ ባለበት አካባቢ ግን መጀመሪያ ቁንጫውን ያጥፉ። አይጡ ቀድሞ ከሞተ ቁንጫው ወደ ሰው ይዞራል።

ከጽዳቱ በኋላ ትኩሳትና የጡንቻ ሕመም ከያዘዎት ቶሎ ይታከሙ። ሌፕቶስፓይሮሲስ ከ2 እስከ 30 ቀን፣ ሀንታ ከ1 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ሊጀምር ይችላል። ሁለቱም መጀመሪያ ላይ ጉንፋን ስለሚመስሉ አይጥ የነበረበት ቦታ ማጽዳትዎን ለሐኪሙ ይንገሩ።