ጠባብ ሳሎን ላላችሁ፦ ሶፋ ከመግዛታችሁ በፊት

ብዙ የኮንዶሚኒየም ሳሎኖች ጠባብና ረጅም ከመሆናቸውም በላይ የመግቢያው፣ የመኝታ ቤቱና የበረንዳው በሮች ሁሉ ስለሚከፈቱባቸው፣ ሶፋን በግድግዳው ዙሪያ የመደርደር የቆየ ልማዳችን መተላለፊያውን ይዘጋዋል። ስለዚህ ሶፋ ከመግዛታችሁ በፊት በሮቹን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ፣ ሰው ከበር ወደ በር የሚሄድበትን መስመር ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምሩ፤ ይህ መስመር 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ኖሮት ባዶ ሊቀር ይገባል። ከዚያም የሶፋውን ልክ የያዘ ጋዜጣ በቀረው ቦታ ላይ ዘርግታችሁ አንድ ቀን ሙሉ በዙሪያው ተመላለሱ፤ ጋዜጣውን ደጋግማችሁ ከረገጣችሁት ሶፋው ለቤቱ ትልቅ ነው ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ለእንዲህ ያለ ሳሎን የኤል ቅርፅ ሶፋ፣ ሻጩ ምንም ያህል ቢያሞግሰው፣ አይመከርም፤ በረጅሙ ግድግዳ በኩል አንድ ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ፣ ከፊት ለፊቱ ደግሞ በቀላሉ የሚነሱ ዱካዎች ቢቀመጡ፣ ቡና ሲፈላ እነሱን ገፋ አድርጎ ለረከቦቱ ቦታ ማግኘት ይቻላል። የደረጃውን መታጠፊያ መለካትም አትርሱ፤ እኔ ይህን ባለማድረጌ ሶፋዬ ጎረቤት ሁሉ እያየ በገመድ ተጎትቶ በበረንዳ ገብቷል።