የኢኤስፒ32 ቦርድን አዘጋጅቶ የመጀመሪያውን ፕሮግራም መጫን

ማይክሮኮንትሮለር ፕሮሰሰሩን፣ ማህደረ ትውስታውንና ከውጭ ዕቃዎች ጋር የሚገናኝባቸውን ፒኖች በአንድ ቺፕ ላይ አሰባስቦ የያዘ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ዴቨሎፕመንት ቦርድ የሚባለው ደግሞ ይኸው ቺፕ ከዩኤስቢ መሰኪያ፣ ከቮልቴጅ ማስተካከያና ከሁለት ትንንሽ ቁልፎች ጋር ተገጥሞ ለሙከራ የተዘጋጀበት ሰሌዳ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ኤስፕሬሲፍ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ለገበያ ያቀረበውን ኢኤስፒ32 ነው፤ ዋይፋይና ብሉቱዝ አብረውት ስለሚመጡና ፍጥነቱም እስከ 240 ሜጋኸርዝ ስለሚደርስ፣ መብራት ከማብራት ያለፈ ሥራ ሲታሰብ ሌላ ቦርድ መፈለግ አያስፈልግም። ጀማሪን የሚያስቸግረው አብዛኛውን ጊዜ ኮዱ ሳይሆን ከኮምፒውተሩ እስከ ቺፑ ያለው መንገድ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ይህን መንገድ በየደረጃው እያረጋገጡ እንዲሄዱ ተደርገው የተደረደሩ ናቸው።

ገመዱ፣ ፖርቱና ድራይቨሩ

ቦርዱን በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኙ። በቦርዱ ላይ ያለው የኃይል መብራት መብራቱ ኤሌክትሪክ መድረሱን እንጂ መረጃ መተላለፉን አያረጋግጥም፤ ለስልክ መሙያ ብቻ ተብለው የሚሠሩ ገመዶች ውስጣቸው የመረጃ ሽቦ የላቸውምና። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ በዊንዶውስ «ዲቫይስ ማኔጀር» የሚለውን ይክፈቱና «ፖርትስ» በሚለው ዝርዝር ሥር ቦርዱ ከመሰካቱ በፊትና ከተሰካ በኋላ ያለውን ልዩነት ይመልከቱ። «ኮም3» ወይም «ኮም5» የመሰለ አዲስ የፖርት (የመገናኛ በር) ስም ከመጣ መንገዱ ተከፍቷል፤ ቁጥሩንም ያስታውሱት። ምንም ካልተለወጠ በመጀመሪያ ገመዱን ይለውጡ።

የማይታወቅ መሣሪያ የሚል መልእክት ከመጣ የጎደለው ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ መሣሪያውን እንዲያውቀው የሚያደርገው ሶፍትዌር ነው። በብዙዎቹ ቦርዶች ላይ ከዩኤስቢ መሰኪያው አጠገብ የዩኤስቢን መልእክት ኢኤስፒ32 ወደሚረዳው የሲሪያል (መረጃ አንድ በአንድ በተራ የሚተላለፍበት) መልእክት የሚቀይር ሌላ ትንሽ ቺፕ ይገኛል፤ ብዙውን ጊዜ ሲፒ2102 ወይም ሲኤች340 ነው። በላዩ የታተመውን ስም አንብበው ድራይቨሩን ከቺፑ አምራች ድረ ገጽ ያውርዱ። ሊኑክስ ሁለቱንም ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ያውቃቸዋል፤ ነገር ግን በኡቡንቱና በዴቢያን ላይ ተጠቃሚው «ዳያልአውት» በተባለው ቡድን ውስጥ ካልገባ ፖርቱ እየታየ ፈቃድ ይከለከላል። ቡድኑ ውስጥ ከገቡ በኋላ ከኮምፒውተሩ ወጥተው እንደገና መግባት ያስፈልጋል።

አርዱዊኖ አይዲኢን ማዘጋጀት

አርዱዊኖ አይዲኢ የተባለውን፣ ፕሮግራም የሚጻፍበትንና ወደ ቦርዱ የሚላክበትን ነፃ ሶፍትዌር ከራሱ ድረ ገጽ አውርደው ይጫኑ። ቀጥሎ «ፋይል» ከሚለው ምናሌ «ፕሪፈረንስስ» ውስጥ ገብተው፣ ኤስፕሬሲፍ በመመሪያው ላይ ያወጣውን የጄሰን ፋይል (የቦርዶቹ ዝርዝር ያለበት ፋይል) አድራሻ ለተጨማሪ ቦርዶች በተዘጋጀው ሳጥን ላይ ይለጥፉ። ከዚያ «ቦርድስ ማኔጀር» ውስጥ ኢኤስፒ32 ብለው ፈልገው፣ አዘጋጁ ኤስፕሬሲፍ መሆኑን አይተው ይጫኑት። የሚወርደው በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ስለሆነ መሀል ላይ እንዳያቋርጡት። በመጨረሻም «ቱልስ» ከሚለው ምናሌ የቦርዱን ዓይነትና ቀደም ሲል ያዩትን ፖርት ይምረጡ። ሞዴሉን ካላወቁ «ኢኤስፒ32 ዴቭ ሞጁል» የሚለው ምርጫ ለመጀመሪያው ኢኤስፒ32 ቺፕ ያገለግላል፤ እንደ ኤስ3 እና ሲ3 ያሉት ተከታዮቹ ግን የየራሳቸው ምርጫ አላቸው።

ባዶውን ፕሮግራም መላክ

ብዙ መመሪያዎች በቀጥታ የቦርዱን መብራት ብልጭ ድርግም ወደሚያደርግ ፕሮግራም ይሄዳሉ። እኔ ግን በመጀመሪያ ባዶ ፕሮግራም መላክን እመርጣለሁ፤ ባዶ ፕሮግራም የኮድ ስሕተት ሊኖርበት ስለማይችል፣ ካልተላከ ጥፋቱ የመንገዱ እንደሆነ ወዲያውኑ ይታወቃል። አዲስ ፋይል ሲከፈት ሁለት ክፍሎች ተጽፈው ይገኛሉ፦ «ሴትአፕ» ቦርዱ ሲነሣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈጸም ሲሆን፣ «ሉፕ» ኃይል እስካለ ድረስ የሚደጋገም ነው። ምንም ሳይጨምሩ የቀስት ምልክት ያለበትን «አፕሎድ» ይጫኑ።

ከታች ባለው መስኮት «ኮኔክቲንግ» የሚለው ቃል ነጥብ እያስከተለ ከቆመ፣ በቦርዱ ላይ «ቡት» የተጻፈበትን ቁልፍ ተጭነው ይያዙና በመቶኛ የሚቆጠረው ጭነት ሲጀምር ይልቀቁት። ቺፑ በሚነሣበት ቅጽበት ፒን 0 ከዜሮ ቮልት ጋር ከተገናኘ የተጫነውን ፕሮግራም ማስኬዱን ትቶ አዲስ ለመቀበል ይዘጋጃል፤ ቁልፉ የሚሠራውም ይህንኑ ነው።

ጭነቱ ከተሳካ በኋላ «ሴትአፕ» ውስጥ ሲሪያልን በ115200 ፍጥነት የሚያስጀምረውን ትእዛዝ፣ «ሉፕ» ውስጥ ደግሞ አንድ ቃል የሚያትመውንና አንድ ሺህ ሚሊሰከንድ የሚያቆየውን ትእዛዝ ይጨምሩ። ትእዛዞቹ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሚለያይ እንደተጻፉት መቅዳት ያስፈልጋል። ቦርዱ የሚልከውን ጽሑፍ የሚያሳየው «ሲሪያል ሞኒተር» ሲከፈት ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ከታዩ ቦርዱ አልተበላሸም፤ በመስኮቱ ላይ የተመረጠው ፍጥነት ከኮዱ ጋር አልተስማማም ማለት ነው።

መብራቱና ፒኖቹ

አሁን ከምሳሌዎቹ ዝርዝር «ብሊንክ» የሚለውን ይክፈቱ። አጠቃላዩን የቦርድ ምርጫ ከተጠቀሙ የመብራቱ ፒን አልታወቀም የሚል ስሕተት ሊመጣ ይችላል፤ በዚያ ስም ምትክ 2 ቁጥርን ይጻፉ፤ በብዙ ቦርዶች ላይ ሰማያዊው መብራት ከዚህ ፒን ጋር ተያይዟልና። በቦርዱ ላይ እንዲህ ያለ መብራት ከሌለ፣ ከፒን 25 ጀምሮ የ330 ኦም ሬዚስተርና (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድብ) ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) በተከታታይ አገናኝተው ወደ ግራውንድ (ዜሮ ቮልት ወደሆነው ፒን) ይመልሱ፤ በኮዱም ውስጥ 25 ቁጥርን ይጻፉ፤ የኤልኢዲው ረጅም እግር ወደ ፒኑ በኩል ይሁን። ሽቦ ሲያገናኙ ገመዱን ከኮምፒውተሩ ይንቀሉ።

ፒኖቹ የሚሠሩት በ3.3 ቮልት ነው፤ 5 ቮልት ማስገባት ቺፑን ሊያቃጥለው ይችላል። ከ6 እስከ 11 ያሉት ፒኖች ፕሮግራሙ ከሚቀመጥበት ፍላሽ ማህደር ጋር የተያያዙ ስለሆኑ አይነኩም። ከ34 እስከ 39 ያሉት መረጃ መቀበል እንጂ ማውጣት ስለማይችሉ ኤልኢዲ አያበሩም። በፒን 12 ላይ የተገናኘ ዕቃም ቦርዱ ሲነሣ ቮልቴጁን ወደ ላይ ከሳበው ቦርዱ ጭራሹን ላይነሣ ይችላል።

መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ በኋላ «ዲሌይ» የሚለውን ትእዛዝ መተው መልመድ ይገባል። በዚያ ቆይታ «ሉፕ» ባለበት ስለሚቆም፣ በመሀሉ ቁልፍ ቢጫን ፕሮግራሙ አያየውም። «ሚሊስ» የተባለው ትእዛዝ ግን ቦርዱ ከተነሣ ጀምሮ ያለፈውን ሚሊሰከንድ ብቻ ይናገራል፤ መብራቱ የተለወጠበትን ጊዜ መዝግቦ፣ አሁን ካለው ላይ ቀንሶ፣ ልዩነቱ አንድ ሺህ ሲደርስ መለወጥ ነው። ቆጣሪው ከ50 ቀን ገደማ በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ምልክት በሌለው (ከዜሮ በታች በማይወርድ) የቁጥር ዓይነት ላይ በመቀነስ ከተሰላ ግን መመለሱ ስሕተት አይፈጥርም።

ዋይፋይ ሲጨመር

ከኢኤስፒ32 ምሳሌዎች መካከል «ዋይፋይ ስካን» በአካባቢው ያሉትን ኔትወርኮች ይዘረዝራል። ይህ ቺፕ የሚያውቀው የ2.4 ጊጋኸርዝ ኔትወርክን ብቻ ስለሆነ፣ በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራው በዝርዝሩ ላይ አይወጣም። ራዲዮው ሲነሣ የሚስበው ኃይል በድንገት ስለሚጨምር፣ ቦርዱ «ብራውንአውት» (ቮልቴጅ ወረደ) የሚል መልእክት እያተመ ደጋግሞ እንደ አዲስ የሚነሣ ከሆነ ኮዱን ሳይሆን ገመዱንና የተሰካበትን መሰኪያ ይለውጡ። ዋይፋይ እየሠራ አናሎግ ሴንሰር (ልኬቱን በሚለዋወጥ ቮልቴጅ የሚገልጽ) ለማንበብ ካሰቡም ሴንሰሩን ከፒን 32 እስከ 36 ባሉት ወይም በ39 ላይ ያገናኙት፤ እንደ 25 ያሉት ሌሎቹ የአናሎግ ፒኖች የሚነበቡበትን ክፍል ዋይፋዩ ራሱ ይጠቀምበታል።